ውሾቹ ዝም ያሉ ጊዜ

በ2017 ዓ.ም. በበልግ ነው። ሁዳዴ ገብቶ ነበር። ባለቤቴ ታደሰ በዚያው ጾም ዐረፈ፤ ነፍሱን ይማር። ከዚያ ወራት ብዙው ነገር ተረስቶኛል። አንድ ቅዳሜ ከሰዓትና ማግስቱ እሑድ ግን አይረሱኝም። እኔ ጽፌ የማውቅ ሰው አይደለሁም። ቤቱ የታመመ ያለበት ሰው ቢያነበው ይጠቅመው ይሆናል ብዬ ነው።

ቤታችን አፍንጮ በር ነው። ታደሰ ግን ተወልዶ ያደገው ዶሮ ማነቂያ ነው። ልብስ ሰፊ ነበር፤ ሱቁም ፒያሳ ነበር። ሰፈሩ ሲነሣ የስፌት መኪናውን አሸክሞ ወደ ቤት መጣ። በረንዳው ላይ አስቀመጠውና ሥራውን እዚያው ቀጠለ። የድሮ ደንበኞቹ ጠይቀው ጠይቀው ያገኙት ነበር።

ሁለት ውሾች አሉን። ትልቁ መቻል ይባላል፤ ትንሿ ቡቺ። ሁለቱንም ያመጣቸው፣ ያሳደጋቸውም እሱ ነው። ሲሰፋ እግሩ ሥር ይተኛሉ፤ የጨርቅ ቁርጥራጭ ሲወድቅባቸው እንኳ አይነሡም። እኔ አልነካቸውም ነበር። ጠልቻቸው አይደለም። እናቴ ያሳደገችኝ ውሻ የነካ ሰው ቤተ ክርስቲያን አይገባም እያለች ነው። እኔ ደግሞ ጠዋት ጠዋት አራዳ ጊዮርጊስን ሳልሳለም አልውልም። ስለዚህ ምግባቸውን ሳህናቸው ላይ ገልብጬላቸው እመለሳለሁ፤ የእኔና የእነሱ ነገር በዚያው ያልቃል።

ታደሰ ማን እንደመጣ የሚያውቀው በእነሱ ነበር። ከመኪናው ቀና ሳይል፣ «እማማ በለጡ ናቸው፣ ክፈቺላቸው» ይለኛል። ስከፍት እውነትም እማማ በለጡ ቆመዋል። ቆጣሪ ለሚያነበው ልጅ የሚጮኹት ሌላ ነው፤ ለልጃችን ለሕይወት የሚጮኹት ሌላ ነው ይል ነበር። እኔ ልለየው ሞክሬ አልሆነልኝም። ለእኔ ሁሉም ጩኸት ነው።

ጥር መጨረሻ ላይ፣ ስፌት መኪናው ላይ እንደተቀመጠ ወደ ጎን ዘመም አለ። ስትሮክ ነው አሉን። ሆስፒታል ሰነበተና ወደ ቤት መለሱልን። ቀኝ ጎኑ አይሠራም፤ አንደበቱም ታስሯል። የሚሰማው ግን ይሰማ ነበር፤ ዓይኑን አይቼ አውቃለሁ። ሐኪሙ ዕረፍት ያስፈልገዋል፣ አታስደንግጡት፣ ቤቱን ጸጥ አድርጉለት ብሎ አስጠነቀቀን።

ቤቱ ግን እንዴት ጸጥ ይበል። ጠያቂው ብዙ ነው። የዶሮ ማነቂያ ጎረቤት ሁሉ ከየተበተነበት ኮንዶሚኒየም ሁለት ሦስት ታክሲ እየያዘ ይመጣል። ሩቅ ተጉዞ የመጣ ሰው ደግሞ በር ላይ አይመለስም። ውሾቹን የሚይዝ ስለጠፋ ቀን ከሌት አሰርናቸው። ታስረው ይባስ አበዱ። በሩ በተንኳኳ ቁጥር ሰንሰለቱን እስኪበጥሱ ይዘላሉ። እኛም ከውስጥ «ተዉ! ዝም በሉ!» እያልን እንጮሃለን። በጮኹ ቁጥር የታደሰ ግራ እጅ ብርድ ልብሱ ላይ ይንቀጠቀጣል። ጎረቤታችን ጋሽ መኩሪያ አጥሩን ተደግፈው፣ «አስካለ፣ እነዚህ ውሾች ቤተ መንግሥት ነው የምንጠብቀው ብለው ነው እንዴ?» ይሉኝ ነበር። መሳቅም ማልቀስም ያሰኘኝ ነበር።

ጾሙ በገባ ሰሞን መቻል ሰንሰለቱን በጠሰ። እማማ በለጡ በሩን ገፋ አድርገው ሊገቡ ሲሉ ዘለለባቸው። አልነከሳቸውም፤ ብቻ ደረታቸውን በእግሩ ነካቸው። ወደ ኋላ ሲሉ የበሩ ደፍ ላይ ወደቁ። እማማ በለጡ የታደሰ እናት ጓደኛ ናቸው፤ እሱን በልጅነቱ አዝለውታል። ጉልበታቸው አበጠ፤ በሰው ተደግፈው ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሲሄዱም፣ «ውሻ ነው፤ ሥራውን ነው የሠራ» ብለው አጽናኑኝ። እኔ ግን በሐፍረት መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ወደድኩ።

ሕይወት ከሥራ ስትመጣ ነገርኳት። የአባቷ አልጋ አጠገብ ቆማ ነበር። በጣም ተናደደች።

«እማዬ፣ በቃ። ነገውኑ ይወገዱ። ሰው ሳይገድሉብን።»

ጋሽ መኩሪያም ፒክአፕ ያለው ሰው አውቃለሁ፣ ከእንጦጦ ማዶ ወስዶ ይለቃቸዋል አሉ። ታደሰ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር፤ የተኛ መስሎን ነበር።

ከኋላ ባለችው ክፍል የምትከራይ ሩት የምትባል አስተማሪ አለች። እምነቷ ከእኛ ይለያል፤ እሑድ እሑድ መጽሐፍ ቅዱሷን ይዛ ወደ አዳራሽ ትሄዳለች። ብዙ ዘመን አብረን ስንኖር ከሰላምታ አልፈን አናውቅም ነበር። ያን ዕለት አመሻሽ ላይ መጣችና በር ላይ ቆመች።

«እትዬ አስካለ፣ ከመወገዳቸው በፊት እስቲ ለእኔ ይተዉልኝ። እኔም ድሮ የተከራየሁበት ቤት ቡችላዬ እየጮኸ ሊያስወጡኝ ነበር። ከስልክ ላይ እያየሁ ነው ያስተማርኩት።»

ውሻ በስልክ ሲማር ሰምቼ አላውቅም። ግን እንቢ ለማለት ጉልበት አልነበረኝም። እሺ አልኳት።

መጀመሪያ ያደረገችው ሰንሰለቱን መፍታት ነው። በማለዳ በገመድ እያወጣች እስከ ወንዙ ድረስ ታንሸራሽራቸው ጀመር። ሲመለሱ ደክሟቸው ይተኛሉ። ቀጥላ እኛን ነው ያስተማረችው። እነሱ ሲጮኹ እኛም ስንጮህ፣ አብረን በመጣው ሰው ላይ የምንጮህ ነው የሚመስላቸው አለችን። ይህን ስሰማ ዘመኔን ሁሉ ሳላውቀው ከውሻ ጋር ስጮህ እንደኖርኩ ገባኝ።

ከቤቱ ከማይታይበት፣ ከውሃው በርሜል ኋላ ለሁለቱም ጆንያ አነጠፈችላቸው። እሷ ውጭ ሆና በሩን ታንኳኳለች፤ እኔ ውስጥ እቆማለሁ። ይጮኻሉ፤ አላያቸውም፤ አልናገራቸውም። ለትንፋሽ ያህል እንኳ ዝም ሲሉ «ቦታ» እልና ጆንያው ላይ ምግብ እጥላለሁ። እንደገና ታንኳኳለች። እንደገና። ታደሰ ሳይረበሽ እንዲለምዱ ብላ መጀመሪያ በጣቷ ጫፍ ነበር የምትመታው።

መጀመሪያ ቀን ከቤቷ የሥጋ ቁራጭ በላስቲክ ቋጥራ አመጣች። ሰፈሩ ውስጥ ሥጋ ቤቱ ሁሉ ዝግ ነው፤ እኔ ቤት ደግሞ ጾም ነው። ፊቴን አይታ መሰለኝ፣ ሳልናገር ላስቲኩን ወደ ኋላዋ ደበቀችው።

«ይቅርታ፣ እትዬ። አላሰብኩትም።»

«ግዴለም፤ እነሱም ከእኛ ጋር ይጹሙ» አልኳት። የደረቀ ዳቦ ቆረስኩላት። ሳቀች። «ለደረቅ ዳቦ የሚታዘዝ ውሻ ካገኘንማ ታድለናል» አለች። ታዘዙ። የእኛ ቤት ውሾች ሁዳዴን ያውቁታል፤ በየዓመቱ ከእኛ ጋር ይከሳሉ።

አንድ ቀን፣ ዳቦውን ከመጣል በእጄ ብሰጣቸው ቶሎ እንደሚለምዱ ነገረችኝ። ቤተ ክርስቲያን የምሄድ ሰው ነኝ አልኳት። «እሺ» አለችና ሌላ አልጨመረችም። ስላልተከራከረችኝ እስከ ዛሬ አመሰግናታለሁ።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ሠመረላት። በር ሲንኳኳ ሁለቱም ተነሥተው ወደ ጆንያቸው ይሄዱና ይተኛሉ። ድምፅ የለም። ጋሽ መኩሪያ እንኳ አንድ ቀን በአጥሩ ብቅ ብለው፣ «ምን አበላችኋቸው? ለእኔም ሚስት ጥቂት ስጡኝ» አሉ። ሚስታቸው ከውስጥ ሰምተው የመለሱላቸውን አልጽፈውም።

ቤታችን ጸጥ አለ። እኔም ባለቤቴ አሁን ያርፋል ብዬ ደስ አለኝ።

እሱ ግን አላረፈም። ባሰበት። አጥሚቱን በማንኪያ ሳቀርብለት ከንፈሩን ይገጥማል። ጸበሉን ብቻ ይቀበለኛል። ቀኑን ሙሉ መስኮቱን ያያል። በር ሲንኳኳ ትንፋሹን ይዞ ያዳምጣል፤ ሰው ሲገባ ዓይኑን ይጨፍናል። ከጨፈነው ዓይኑ እንባ ይወርዳል። በሽታው ነው አልን። ሐኪሙም እንዲህ ዓይነት በሽተኛ ሆደ ባሻ ይሆናል አለን። እኔ አጠገቡ ተቀምጬ ውዳሴ ማርያም እደግማለሁ፤ ሌላ የማውቀው መድኃኒት የለም።

ያ ቅዳሜ መጣ። እማማ በለጡ ከወደቁ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ በከዘራ ተደግፈው መጡ። በሩ ተንኳኳ። ውሾቹ ተነሥተው ከበርሜሉ ኋላ ሄዱ። እማማ በለጡ እየፈሩ ገቡ፤ ግራ ቀኝ አዩ፤ ምንም የለም። አልጋው አጠገብ ወንበር ሰጠኋቸው። የታደሰን እጅ ያዙና እንዴት እንዳደረ ጠየቁት። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ውሾቹ የሉም እንዴ? ለእኔ ብላችሁ አስወገዳችኋቸው?»

ታደሰ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ትከሻው ተንቀጠቀጠ። ድምፅ የሌለው ልቅሶ ነበር።

ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ሕይወት «ይወገዱ» ስትል ተኝቶ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ጩኸቱ ቀን በቀን እያነሰ ሄደ፤ በኋላም ጠፋ። ታዲያ ምን ይበል? ውሾቼን ወስደው ጣሏቸው ብሎ ነው። እኛ ዕረፍት የሰጠነው መስሎን ጸጥታ ስንሰበስብለት፣ እሱ በዚያ ጸጥታ ውስጥ ለቅሶ ተቀምጦ ኖሯል።

«አሉ፣ ታዴ» አልኩት። «ሁለቱም አሉ። ማንም አልነካቸውም።»

አላመነኝም። እንዴትስ ይመነኝ? የታመመ ሰው ክፉ ወሬ አይነገረውም፤ የአገራችን ወግ ነው። ባለፈው ዓመት የእማማ በለጡ ወንድም ሲሞት እሳቸው ታመው ነበር። አጠገባቸው ተቀምጦ «ደህና ነው፤ ትናንት አግኝቼው ነበር» ያላቸው ታደሰ ራሱ ነው። እኔም «አሉ» ስለው ድምፄ ልክ እንደዚያ እንደ እሱ ድምፅ ሆኖ ተሰማኝ። እማማ በለጡም ያው ትዝ ብሏቸው መሰለኝ፣ አንገታቸውን ደፉ።

ከሰማ ያምናል ብዬ ወጣሁ። ሩት አልነበረችም። ከውጭ ሆኜ በሩን መታሁ። በክፍተቱ አየኋቸው፤ ሁለቱም ወደ ጆንያቸው ሄደው ተኙ። አጥብቄ መታሁ። ቡቺ ዳቦዋን እየጠበቀች ጅራቷን ነቀነቀች። ገባሁና ድንጋይ አንሥቼ ቆርቆሮውን ደበደብኩት። መቻል ጆሮውን ጣል አድርጎ ያየኛል። «ጩህ» አልኩት። «እባክህ አንድ ጊዜ ጩህ።» ሕይወት ድንጋጤዋ ፊቷ ላይ እየታየ ወጣች። ነገርኳት። አጠገቤ መጥታ እሷም በሩን ስትመታ እንባዋ ይወርዳል። ሰው ቢያየን አበዱ ይለን ነበር። ውሾቹ ግን ጥሩ አድርገው ተምረዋል። ዝም አሉ።

ከዚያ ጆንያውን አነሣሁት።

አልጋው አጠገብ ወስጄ አነጠፍኩትና ከደጃፉ ሆኜ «መቻል፣ ቦታ» አልኩ። ተከትሎኝ መጣ፤ ደፉ ላይ ሲደርስ ቆመ። ቤት ገብቶ አያውቅም። እኔ ነኝ የከለከልኩት፤ ሥዕለ ማርያም ያለበት፣ ጸበል የሚቀመጥበት ቤት ነው። አንድ እግሩን አነሣና መለሰው። ዓይን ዓይኔን ያያል። እኔም ሥዕሉን አየሁ። መጋረጃውን ልጋርድበት እጄን ዘረጋሁና ተውኩት። እመቤቴ ሆይ ይቅር በይኝ ብዬ ተንበረከክሁና አንገቱን በሁለት እጄ አቀፍኩት። ጠጉሩ እንደዚያ ይሞቃል ብዬ አስቤ አላውቅም። ይንቀጠቀጥ ነበር። አብረን ገባን።

ጆንያውን ሲያይ ሄዶ ተኛ። አልጮኸም፤ አልዘለለም። ሩት እንዳስተማረችው ነው። ከዚያ ብርድ ልብሱን አሸተተና ከጉሮሮው ቀጭን ድምፅ አወጣ። ታደሰ ሰማ። ፊቱን ከግድግዳው መለሰ። ግራ እጁ ከአልጋው ወረደ፣ ቀስ እያለ። መቻል ራሱን ብድግ አድርጎ ከእጁ ሥር አስገባው።

እማማ በለጡ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ነበር። ሕይወት ቡቺን አቅፋ ደጃፉ ላይ ቆማ ነበር። ታደሰ ብዙ ቆይቶ ዓይኑን አነሣና እኔን አየኝ። የጋብቻችን ዘመን ብዙ ነው፤ እንደዚያ ያየኝ ጊዜ ግን ትዝ አይለኝም። ያን ዕለት አጥሚቱን ጠጣልኝ። እጁ ውሻው ላይ እንዳለ እንቅልፍ ወሰደው።

ሩት ስትመለስ ነገርኳት። ጥፋቱ የእኔ ነው ብላ ደነገጠች። እኔ ግን ጥፋት አላየሁባትም። እሷ ባታስተምረው ኖሮ መቻል እንዴት የበሽተኛ አልጋ አጠገብ ይተኛ ነበር? ሊወገዱ የነበሩትን ያተረፈችልን እሷ ናት። ስሟን በጸሎቴ እጠራለሁ።

ከዚያ በኋላ ታደሰ ብዙ አልቆየም። ሆሳዕና ሳይደርስ ዐረፈ። ግን እያወቀ፣ አምኖን ነው የሄደ። ድንኳን ተጥሎ ሰው ሲጎርፍ ውሾቹ ጆንያቸው ላይ ነበሩ። ሰዉ እንስሳ እንኳ አዘነ ይል ነበር። እኔ የተማሩትን እንደሚያደርጉ አውቃለሁ። ሐዘናቸውን ደግሞ እግዚአብሔር ያውቀዋል። ዛሬም ቤቱ ጸጥ ሲል ደስ አይለኝም። የታመመ ያላችሁ ሰዎች፣ አይሰማም ብላችሁ አጠገቡ አትናገሩ። ዝም ካለም፣ ምን አስቦ እንደሆነ ጠይቁት፤ በዓይኑም ቢሆን ይመልሳል።

ልቤ ግን ሁልጊዜ የሚመለሰው ወደዚያ ቅዳሜ ማግስት ነው። መጻጉዕ ነበር፤ ዘመኑን አልጋ ላይ የኖረው ሰው የሚታሰብበት እሑድ። ጎሕ ሲቀድ ተነሣሁ። ታደሰ አልነቃም። መቻልም ከስፍራው አልተነሣም። ታጥቤ፣ ነጠላዬን ለብሼ ወደ ጊዮርጊስ ወጣሁ። ከቅጽሩ በር ስደርስ እግሬ እንቢ አለኝ። ንስሐ አባቴን አልጠየቅኩም፤ እኔው ነኝ ለራሴ የፈረድኩት። ከውጭ ግንቡ ሥር ቆምኩ። ከኋላዬ አደባባዩን የሚዞሩት ታክሲዎች ይሰማሉ፤ ከውስጥ በድምፅ ማጉያው ቅዳሴው ይሰማል። በዕድሜዬ ከደጅ ቆሜ ሳስቀድስ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

እማማ በለጡ በከዘራቸው እያዘገሙ መጡ። በሩን ሊሳለሙ ጎንበስ ሲሉ አዩኝ።

«ምነው አስካለ፣ ከደጅ ቆምሽ?»

«ውሻ ነክቼ ነው፣ እማማ።»

ቀና አሉ።

«ታደሰስ ተኛ?» አሉኝ።

«ተኛ። ስወጣም አልነቃም።»

ሊገቡ የነበሩት መለስ አሉና አጠገቤ ግንቡን ተደግፈው ቆሙ። ለጉልበትዎ አይሆንም፣ እርስዎ ይግቡ ብዬ ለመንኳቸው።

«እኔንስ ባለፈው ውሻው አልነካኝም?» አሉ።

ቅዳሴው እስኪያልቅ ሁለታችንም ከደጅ ቆመን አስቀደስን።